የወፍጮ ቤቱ ምስክር ወረቀት

ለምሕንድስና ትምህርት ለማመልከት ለምትዘጋጁ ልጆች፤

እንግሊዝ አገር ያደገችው የእህቴ ልጅ ባለፈው ሳምንት ደወለችልኝ። ሜካኒካል ምሕንድስና ለመማር ማመልከቻ እየሞላች ነው። «ጋሼ፣ ለምን መሐንዲስ መሆን እንደፈለግኩ የሚገርም ታሪክ የለኝም። አንድ ልፍጠር እንዴ?» አለችኝ። ሳቅኩ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ሠላሳ ዓመት የሸሸሁት ነገር መጥቶ ፊት ለፊቴ ቁጭ አለ።

ያደግኩት ደጀን ነው። አባቴ በሰው ወፍጮ ቤት ተቀጥሮ ሞተር የሚያስነሳ፣ እህል የሚፈጭ ሰው ነበር። ማታ ሲመጣ ቅንድቡ ሳይቀር ነጭ ነው፤ እናቴ በር ላይ አራግፋ ነበር የምታስገባው።

በ1987 ዓ.ም. 12ኛ ክፍል ሳለሁ ወፍጮው ታመመ። ሞተሩ ሊስተር ነው። የወፍጮው ፑሌጃ፣ ማለትም ቺንጋው የሚዞርበት ክብ ብረት፣ ተሰንጥቆ ባለቤቱ ከአዲስ አበባ ሌላ አስመጣ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ዱቄቱ እየጋለ ይወጣ ጀመር። እፍኝ ሲዘግኑት ያቃጥላል። ሴቶቹ «ጤፋችንን ቆላችሁት!» እያሉ የሚጮኹት ባለቤቱ ላይ ሳይሆን አባቴ ላይ ነው። ባለቤቱ ድንጋዩ ደንዝዞ ነው ብሎ አስወቀረው፤ ለውጥ የለም። ቺንጋውም ቶሎ ቶሎ ይበጠስ ጀመር።

አንድ እሑድ ወፍጮው ቆሞ ሳለ የእናቴን የስፌት ክር ይዤ ገባሁ። ከበሩ ጀርባ የተጣለውን የተሰነጠቀ ፑሌጃ ዙሪያውን ለካሁት፤ 113 ሴንቲ ሜትር። አዲሱን ለካሁት፤ 85። ሁለቱንም ለ3.14 እያካፈልኩ ዲያሜትር ማውጣቴ እስከ ዛሬ ያስቀኛል፤ ለማነጻጸር ዙሪያው ራሱ ይበቃ ነበር። ሞተሩ ላይ የተለጠፈችው ሳህን በደቂቃ 650 ዙር ትላለች። በሞተሩ በኩል ያለው ፑሌጃ ከአሮጌው ጋር እኩል ስለነበር ድንጋዩ ድሮ ይዞር የነበረው ያንኑ 650 ነው፤ በአዲሱ ግን ወደ 865 ገደማ ደርሷል። የወፍጮው ፑሌጃ ሲያንስ ድንጋዩ ይፈጥናል፤ በሲሶ ፈጥኗል ማለት ነው። አባቴ ክሩን ተቀብሎ እሱም በተራው ለካ፤ ምንም አላለም። ባለቤቱ እስኪያምን ሁለት ሳምንት ፈጀ፤ በመጨረሻ ደብረ ማርቆስ ቶርኖ ቤት ሄዶ ተለቅ ያለ ፑሌጃ አስቀርጾ መጣ። ዱቄቱ በረደ። በትክክል የተፈጨ የጤፍ ዱቄት ሽታ የዝናብ መጀመሪያ ዓይነት ነው፤ የራሴ ልጆች የሚያውቁት የታሸገውን ብቻ ስለሆነ ይህን ስነግራቸው አይገባቸውም።

በዚያው ዓመት ወደ ውጭ አገር የሚያስልክ ነጻ የትምህርት ዕድል ወጣ። ድርሰት ይጠይቃል። ስለ ምን ጻፍኩ? ስለ ዓባይ ድልድይ። «የዓባይን በረሃ የሚሻገረውን ታላቅ ድልድይ ባየሁ ጊዜ በልጅነት ልቤ የምሕንድስና ችቦ ተለኮሰ።» ችቦ! ድልድዩን እኮ ያለፍኩት በአውቶቡስ ነው፤ ያውም ቁልቁለቱን ፈርቼ ዓይኔን ጨፍኜ። ያኔ የነበረው አሮጌው ብቻ ነው፤ በጃፓን መንግሥት ድጋፍ የተሠራው ባለ ገመዱ የመጣው በኋላ ነው። «የአባት ሥራ» በሚለው ቦታ ላይ ደግሞ «ነጋዴ» ብዬ ሞላሁ።

አባቴ ለእኔ ሳይነግረኝ ፍርድ ቤቱ በር ላይ ከሚቀመጠው ማመልከቻ ጸሐፊ ዘንድ ሄዶ ምስክር ወረቀት አስጽፎ ኖሯል። «ተማሪው በወፍጮው ላይ የደረሰውን ብልሽት በክር ለክቶ፣ በሒሳብ አስልቶ ያገኘ መሆኑን እናረጋግጣለን» ይላል። ባለቤቱ ማኅተም መትቶበታል። ከግርጌው አራት እናቶች በጣት አሻራ ፈርመዋል፤ ቀለሙ ሳይደርቅ ዱቄት ስለነካው አሻራው ሻክሯል። አባቴ በፌስታል ጠቅልሎ ሰጠኝ። ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

አዲስ አበባ ሦስት ፈታኞች ፊት ቀረብኩ። በዕድሜ የገፉት ድርሰቴን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው «ድልድዩ የጭነት መኪናውን ክብደት ወዴት ነው የሚወስደው?» አሉኝ። «በብረቱ ጥንካሬ...» ብዬ ጀመርኩና ቆምኩ። ሰውየው አዘኑልኝ መሰለኝ። «እሺ፣ በእጅህ የሠራኸው ወይም የጠገንከው ነገር ይኖራል?»

ቦርሳው እግሬ ሥር ነበር። «የለም» አልኩ።

አላለፍኩም። እሱ አይቆጨኝም፤ አምስት ኪሎ ገባሁ፣ በሙያዬ እንጀራ በላሁ። የሚቆጨኝ ደጀን ስመለስ የሆነው ነው። አባቴ «ወረቀቱን አዩት?» ሲለኝ «አዩት፤ ወደዱት» አልኩት። እስኪሞት ድረስ ለሰው ሁሉ ይህንኑ ሲያወራ ኖረ።

እንግዲህ ምክር ካላችሁኝ፣ ቅጹን በጊዜ ሙሉ፣ ፊደል አትግደፉ የሚለውን ከሌላ ስሙ። እዚሁ አገር ለምትማሩ ድርሰት የሚጠይቃችሁ የለም፤ በአብዛኛው የሚታየው የ12ኛ ክፍል ውጤት ነው። የአዲስ አበባና የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲዎችን የምትመኙ ለመግቢያ ፈተናቸው ተዘጋጁ። የውጭው ይለያል። እንግሊዞቹ ከ2026 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለሚገቡ ተማሪዎች ረጅሙን ድርሰት ትተው ሦስት ጥያቄ አድርገውታል፤ ይህን ትምህርት ለምን መረጥክ፣ እስካሁን የተማርከው እንዴት አዘጋጀህ፣ ከትምህርት ውጭስ ለዚህ የሚያዘጋጅህ ምን ሠራህ። መልሱ ሁሉ ተደምሮ ከ4,000 ፊደል መብለጥ የለበትም፤ ባዶ ቦታውም ይቆጠራል። አምስት ምርጫ ብትሞሉ አምስቱም የሚያነቡት ያንኑ ስለሆነ የአንዱን ዩኒቨርሲቲ ስም እየጠራችሁ አታሞግሱ። ሦስተኛው ጥያቄ ለእኔ የተጻፈ ይመስለኛል።

የድጋፍ ደብዳቤ ስትፈልጉ ማዕረጉ ወደ ረዘመ ሰው አትሩጡ። ስትሠሩ ያያችሁን መምህር ለምኑ፤ ምን እንደሠራችሁም አስታውሱት። «ጠባየ መልካም ነው» የሚል ደብዳቤ ያለው ተማሪ ቁጥር ስፍር የለውም።

አልፎ አልፎ የወጣቶችን ማመልከቻ አነብባለሁ። ሁሉም ከአንድ ማሽን የወጣ ይመስላል፤ ብዙውም ወጥቷል። ካቻቢቴ ጨብጦ የማያውቅ ልጅ ሜካኒካል ላመልክት ሲል እበሳጫለሁ። ግን የዛሬው ስልክ በሙጫ ተጣብቆ ነው የሚሸጠው፤ ምን ይፍታ? ችቦ የለኮስኩ ሰውስ ለመውቀስ ምን አፍ አለኝ? ውጤት ሁሉ ነገር አይደለም ስል ትሰሙኝ ይሆናል። ሒሳብ ላይ የምታነክሱ ከሆነ ግን ያልኩትን እርሱት፤ ያቺ ክርም ያለ ሒሳብ ልብስ መስፊያ ነበረች።

ለእህቴ ልጅ መልሼ ደወልኩላት። «ቤታችሁ የተበላሸ ነገር የለም?» አልኳት። «የእማዬ ምጣድ ብቻ» አለች። ከአዲስ አበባ የሄደው የኤሌክትሪክ ምጣድ ጥቂት እንጀራ ከወጣ በኋላ መሰኪያውን እያጋለ ፊውዙን ያቃጥላል። ልጅቷ አስልታዋለች፦ የመሰኪያው ፊውዝ 13 አምፔር ነው፤ በ230 ቮልት ቢባዛ ወደ 3 ኪሎ ዋት ይሆናል፤ ምጣዱ ላይ የተጻፈው ግን 3.75 ነው። ለብቻው መስመር እንዲዘረጋለት ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ያስጠራችውም እሷ ናት። «ግን የእንጀራ ነገር ነው፤ ምኑ ይጻፋል?» አለች።

«ጻፊው፤ ቁጥሩንም እንዳትተዪ» አልኳት።

የዚያው ወፍጮ ቤት ልጅ የሆነችው እህቴ ስልኩን ነጠቀቻት። «አንተ ሰውዬ፣ ቤታችን ፊውዝ እንደሚያቃጥል ለዩኒቨርሲቲ ይጻፋል?»