ቁጥሩ ወረደ፣ ደሙ ግን አልቆመም

ልጆቼ፣ ሰመመን መስጠት ስትጀምሩ ዓይናችሁ ከሞኒተሩ እንደማይነቀል አውቃለሁ። የእኔም እንዲያው ነበር።

በሳይነስ (በአፍንጫ ዙሪያ ባሉ የአጥንት ውስጥ ክፍተቶች) ቀዶ ሕክምና ትንሽ ደም ሥራ ያስቆማል። ካሜራው ጫፍ ላይ ጠብ ካለች ሰርጀኑ ምንም አይታየውም። ሳይነሱን ከዓይን የሚለየው አጥንት ደግሞ እንደ ወረቀት ስስ ነው። አንጎልም ሩቅ አይደለም። "የደም ግፊቱን ዝቅ አድርጉልኝ" የሚለን ለዚህ ነው።

ገና ጀማሪ ሳለሁ ለአንድ ወጣት ናይትሮግሊሰሪን ከፈትኩ። አማካይ የደም ግፊቱ 60 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ገባ። ደስ አለኝ። ሰርጀኑ ግን "ኧረ አሁንም አይታየኝም!" አለ። ቀና ብዬ የካሜራውን ስክሪን አየሁ፤ ቀይ በቀይ። የልብ ምቱን አየሁ፤ 115። ናይትሮግሊሰሪን የደም ሥሮችን ያሰፋል። ግፊት ሲወርድ ደግሞ ልብ ለማካካስ ትሮጣለች። የአፍንጫው ቀጫጭን ሥሮች ተከፍተው ልብ እየሮጠች ደሙ በምን ይቁም? ቁጥሩን አሳካሁ፣ ሥራውን ግን አበላሸሁ።

ደቡብ አፍሪካዊው የሰመመን ሐኪም ቦዛርትና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1995 ኤስሞሎልን እንደ ናይትሮግሊሰሪን ሥር ከሚያሰፋው ናይትሮፕሩሳይድ ጋር አወዳድረው ነበር። ልብን የሚያረጋጋው ኤስሞሎል፣ ግፊቱን ብዙ ሳያወርድ እንኳ የተሻለ እይታ ሰጠ። ይህን ሳነብ ያ ወጣት ትዝ አለኝ።

ምረጥ ብትሉኝ የሚያስተኛውን ፕሮፖፎል ከኃይለኛው የሕመም ማስታገሻ ከሬሚፈንታኒል ጋር እመርጣለሁ። ሬሚፈንታኒል ምቱን ያበርዳል፣ ሲዘጋም በደቂቃዎች ውስጥ ይለቃል። ታዲያ ቆየት የሚል ሌላ የሕመም ማስታገሻ ቀድማችሁ ስጡ፤ አለዚያ ታካሚው በሕመም ይነቃል። የሚያረጋጋው ዴክስሜዴቶሚዲንም ጥሩ ነው፣ ግን አትቸኩሉበት። የመጀመሪያውን መጠን በ10 ደቂቃ ስጡ፤ በፍጥነት ከገባ ግፊት ይጨምራል። ምቱን አብዝቶ ሊያወርድ፣ መንቃቱንም ሊያዘገይ ይችላል። ማግኒዥየም ርካሽ ነው፤ ጡንቻ የሚያላላውን መድኃኒት የሥራ ጊዜ ግን ያረዝመዋል። እነዚህ ከሌሉ ያላችሁን ቤታ ብሎከር (እንደ ኤስሞሎል የልብ ምት የሚያበርድ መድኃኒት) በጥቂት በጥቂቱ ስጡ። አልጋውን ከራስጌ 15 ዲግሪ ያህል ቀና ማድረግ ደግሞ ገንዘብ አይጠይቅም።

ራስጌው ቀና ሲል ግን ክንድ ላይ ያነበባችሁት ግፊት አንጎል ጋ ያንሳል። ጭንቅላት ከክንዱ 20 ሴንቲሜትር ከፍ ካለ ካነበባችሁት ላይ 15 ያህል ቀንሱ። ወጣቱ ይችለዋል። ለዓመታት የደም ግፊት ያለባቸው እናት ግን 60 አይበቃቸውም። የዘወትር ግፊታቸውን ከፋይላቸው እዩ፣ ራሳቸውንም ጠይቁ። ሰርጀኑ "ግፊቱን ትንሽ ደግሞ አውርጂልኝ" ቢል፣ "ለእማማ እዚህ ይበቃል፤ ትንሽ እንጠብቅ፣ አድሬናሊን የነካ ጥጥ ጨምር" በሉት።