የሼል ትእዛዞቹን በፓይተን ልተካቸው?

ጥያቄ፦ ከእኔ በፊት የነበረ ባለሙያ የጻፈውን የፓይተን ስክሪፕት ተረክቤያለሁ። በየሌሊቱ ተጠቃሚዎች የሚልኳቸውን ፋይሎች ወደ ማኅደር ይገለብጣል፣ ዋናዎቹን ያጠፋል፣ ከማኅደሩም ያረጁትን ይሰርዛል። ስሙ ፓይተን ይባል እንጂ በየመስመሩ «ኦኤስ.ሲስተም» የሚባለውን ፋንክሽን እየጠራ «ሲፒ» (መገልበጫ)፣ «አርኤም» (መሰረዣ)፣ «ግሬፕ» (በፋይል ውስጥ ጽሑፍ መፈለጊያ) የመሳሰሉትን የሼል፣ ማለትም የተጻፈለትን ትእዛዝ ተቀብሎ የሚያስኬደው ፕሮግራም፣ ትእዛዞች ነው የሚያስኬደው። የሥራ ባልደረባዬ «የሚሠራ ነገር አይነካም» ይለኛል። ልተካቸው ወይስ ልተዋቸው? ከተካሁስ ከየትኛው ልጀምር?

መልስ፦ ይተኩ። ግን ሁሉንም አይደለም፤ በአንድ ጀምበርም አይደለም።

በመጀመሪያ ባልደረባዎ ስክሪፕቱ እንደሚሠራ በምን እንዳወቁ ይጠይቋቸው። «ኦኤስ.ሲስተም» ትእዛዙ ሲከሽፍ የሚመልሰው አንድ ቁጥር ብቻ ነው። ቁጥሩን የሚመለከት መስመር ከሌለ ስክሪፕቱ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ወደሚቀጥለው ያልፋል። እስቲ ዲስኩ ሞልቶ «ሲፒ» መሀል ላይ ተቋረጠ እንበል። ማኅደሩ ውስጥ ግማሽ ፋይል ይቀራል፤ ተከታዩ «አርኤም» ደግሞ ዋናውን ያጠፋዋል። ጠዋት ሲገቡ አንድም ስህተት አልተመዘገበም። ፋይል በሚገለብጠውና በሚያዛውረው የፓይተን ሞጁል በ«ሽዩቲል» የተጻፈ ቅጂ ግን ሲከሽፍ ኤክሰፕሽን (የስህተት ማስጠንቀቂያ) ያነሳል፤ ስክሪፕቱም እዚያው ይቆማል፣ ዋናው ፋይልም ይተርፋል። ለእኔ ሌላ ምክንያት ባይኖር እንኳ ይህ አንዱ በቂ ነው።

ሌላም ምክንያት ግን አለ። ፋይሎቹን የሚሰይሙት እርስዎ አይደሉም፤ ተጠቃሚዎች ናቸው። አንድ ሰው «የጥር ሪፖርት» የሚል ፋይል ቢልክ ሼሉ ክፍት ቦታውን አይቶ «የጥር» እና «ሪፖርት» የሚባሉ ሁለት ፋይሎችን ይፈልጋል። በስሙ ውስጥ ሰሚኮለን ካለበትማ ከሰሚኮለኑ በኋላ ያለውን እንደ አዲስ ትእዛዝ ያስኬደዋል፤ ክፉ ሐሳብ ያለው ሰው እዚያ ላይ የፈለገውን ሊጽፍ ይችላል። በጥቅስ ምልክት ማጠር አያድንም፤ ስሙ ራሱ የጥቅስ ምልክት ሊይዝ ይችላልና። ስሙን በቀጥታ ለፓይተን ፋንክሽን ሲሰጡት ግን መሀል ላይ ሼል ስለሌለ ስም ስም ሆኖ ይቀራል።

ስለዚህ ከሚሰርዙት መስመሮች ይጀምሩ፤ ቀጥለው ከውጭ የመጣ ስም የሚነካውን ሁሉ ይያዙ። ፎልደር የሚፈጥሩ፣ ቀን የሚያትሙና የመሳሰሉት ጊዜ ሲኖርዎት ይደርሳሉ።

አደራ የምልዎት እዚህ ላይ ነው፦ የፓይተኑ ምትክ ከሼሉ ጋር አንድ ዓይነት ጠባይ የለውም። «ማንኛውም ስም» ማለት የሆነችውን ኮከብ (*) ይመልከቱ። በሼል ኮከብ ስትጻፍ በነጥብ የሚጀምሩ ስውር ፋይሎች በልማድ አይነኩም። በኮከብ ፋይል የሚፈልገው የፓይተን «ግሎብ» ሞጁልም አይነካቸውም። «ፓዝሊብ» በሚባለው ሌላ የፓይተን ሞጁል ውስጥ ያለው ግሎብ ግን ይጨምራቸዋል። «በፎልደሩ ያለውን ሁሉ ሰርዝ» የሚለውን መስመር በፓዝሊብ ሲተኩት ለዓመታት ማንም ያልነካው ስውር የቅንብር ፋይል አብሮ ሊጠፋ ይችላል። ሼሉ ስሞቹን በቅደም ተከተል ደርድሮ ያቀርባል፤ ፓይተን ግን ይህን ቃል አይገባም፤ ቅደም ተከተል ከፈለጉ ራስዎ ይደርድሩ። የሚሰርዘውን መስመር ሥራ ላይ ከማዋልዎ በፊት ለጥቂት ሌሊት ስሞቹን ብቻ እንዲጽፍ አድርገው ከአሮጌው ጋር ያስተያዩ።

የፋይሎቹ ዕድሜም ያሳስበኛል። አሮጌው መስመር «ሲፒ»ን ቀኑን ከሚጠብቀው አማራጭ ጋር ይጠራ ከነበረ ምትኩ «ሽዩቲል.ኮፒ2» ነው። «ኮፒ» ብቻ ካሉት ቅጂው የዛሬን ቀን ይይዛል፤ ያረጀውን የሚለየው ክፍልም የቆየውን ፋይል እንደ አዲስ ይቆጥረዋል። ፋይል የሚያዛውር «ኤምቪ» ካገኙ ደግሞ በ«ሽዩቲል.ሙቭ» ይተኩት። ስም የሚቀይረው «ኦኤስ.ሪኔም» ማኅደሩ በሌላ ዲስክ ላይ ከሆነ ይከሽፋል።

ምናልባት «ኦኤስ.ሲስተም» ውስጥ «ሲዲ» (ፎልደር መቀየሪያ) የሚል መስመርም ያገኙ ይሆናል። ይህ መስመር ለተከታዮቹ ምንም ሠርቶ አያውቅም፤ ፎልደር የቀየረው ለዚያ ብቻ የተነሳው ሼል ነው፣ እሱም ወዲያው ሞቷል። ፎልደር በሚቀይረው የፓይተን ፋንክሽን በ«ኦኤስ.ሲኤችዲር» ከተኩት ግን በእውነት ይሠራል፤ ከሱ በታች ያሉት አጫጭር የፋይል አድራሻዎች ሁሉ ሌላ ቦታ ማመልከት ይጀምራሉ። መስመሩን አውጥተው ሙሉ አድራሻ ይጻፉ።

የማይተኩትስ? «ጊት» (የኮድ ለውጥ መከታተያ)፣ «አርሲንክ» (ፋይል ማመሳሰያ)፣ «ኤፍኤፍኤምፔግ» (የቪዲዮና የድምፅ መቀየሪያ) የራሳቸው ሙያ ያላቸው ፕሮግራሞች ናቸው፤ በፓይተን እንደገና ልጻፋቸው ማለት ከንቱ ድካም ነው። አጠራራቸውን ብቻ ያስተካክሉ። ሌላ ፕሮግራም የሚያስኬደውን፣ በ2015 በፓይተን 3.5 የገባውን «ሰብፕሮሰስ.ራን» ይጠቀሙ፤ ትእዛዙን በአንድ ረጅም ጽሑፍ ሳይሆን በዝርዝር ይስጡት፣ «ሼል» የሚለውን አማራጭ «ትሩ» (የበራ) አያድርጉት፣ ትእዛዙ ሲከሽፍ ኤክሰፕሽን የሚያስነሳውን «ቼክ»ን ግን «ትሩ» ያድርጉት። ያኔ ውድቀቱ አይደበቅም።

«ግሬፕ» በትናንሽ ፋይሎች ላይ ከሆነ ሁለት መስመር ፓይተን ይተካዋል። በጣም ትልቅ የሎግ (የክንውን መዝገብ) ፋይል ላይ ከሆነ ፈጣን ስለሆነ ይተዉት፤ ሲጠሩት ግን «ቼክ»ን አያብሩበት። «ግሬፕ» የፈለገውን ሲያገኝ 0፣ ሳያገኝ ሲቀር 1፣ እውነተኛ ስህተት ሲገጥመው ደግሞ ከ1 በላይ ይመልሳል። «ቼክ» ከበራ ምንም ባልተገኘበት ሰላማዊ ሌሊት ስክሪፕቱ ወድቆ ያድራል። ቁጥሩን ራስዎ ያንብቡና ከ1 ሲበልጥ ብቻ ያስቁሙት።