ለወጣት ባለሙያዎች፦ ማስታወሻችሁን በተራ ጽሑፍ ያዙ፣ በትእዛዝ ፈልጉ

ውድ ልጆቼ፣

በጎንደር ከተማና በዙሪያዋ ባሉ ወረዳዎች በውሃ ሥራ መሐንዲስነት ዕድሜዬን አሳልፌአለሁ። ዛሬ ስለ ማስታወሻ አያያዝ ልጽፍላችሁ የፈለግሁት፣ በሙያቸው የተመሰገኑ ወጣቶች ዓምና ራሳቸው የለኩትንና የጻፉትን ዘንድሮ ፍለጋ ሲባዝኑ ስለማይና ነገሩ ከልብ ስለሚያሳስበኝ ነው። ምክሬ አጭር ነው፤ ማስታወሻችሁን በተራ የጽሑፍ ፋይል አስቀምጡ፣ ስትፈልጉትም ተርሚናል (ለኮምፒውተሩ ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበትን መስኮት) ከፍታችሁ በትእዛዝ ፈልጉት።

ተራ ጽሑፍ የምለው ቀለም፣ የፊደል መጠን፣ ሠንጠረዥና ሥዕል የሌለበትን፣ ፊደል ብቻ የያዘውን ፋይል ነው። በከተማችን አብያተ ክርስቲያናት ያለውን የብራና መጽሐፍ ለማንበብ ፊደል ማወቅና ቋንቋውን መረዳት እንደሚበቃ ሁሉ፣ ተራ ጽሑፍም በየትኛውም ኮምፒውተር ይከፈታል፤ የጻፋችሁበት ፕሮግራም ቢጠፋ ወይም ክፍያ ቢጠየቅበት ማስታወሻችሁ አብሮ አይጠፋም። የእኔ ዘመን ሰዎች ይህን በችግር አይተነዋል። ዩኒኮድ፣ ማለትም ለየቋንቋው ፊደል የራሱን ቁጥር የሚሰጠው ዓለም አቀፍ ሥርዓት፣ ከመምጣቱ በፊት እያንዳንዱ የፎንት አዘጋጅ የአማርኛውን ፊደል በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ እንደ ፈቀደ ይደረድረው ስለነበር፣ ሰነዱ ያ ፎንት በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት የላቲን ፊደላት ዝብርቅርቅ ይሆናል። በአንድ መሥሪያ ቤት የጉድጓድ ቁፋሮ ዘገባ በዚህ መልክ ተከፍቶ ጥልቀቱን የሚያሳዩት ቁጥሮች ብቻ ሲነበቡ፣ ጉድጓዱ የየትኛው ቀበሌ እንደሆነ ግን የሚነግረን ጠፍቶ አይቻለሁ። ፊደላችን በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ውስጥ ከገባ ወዲህ ይህ ችግር መፍትሔ አግኝቷል፤ ፋይላችሁን በዩቲኤፍ-8 (UTF-8)፣ ማለትም የዩኒኮድን ፊደላት በፋይል ውስጥ በሚያስቀምጠው አሠራር፣ ማስቀመጣችሁን ብቻ አረጋግጡ። በዚህ አሠራር አንድ የአማርኛ ፊደል ሦስት ባይት ይወስዳል፤ ስለዚህ አንድ ሜጋባይት (አንድ ሚሊዮን ባይት ያህል) ከ300,000 በላይ ፊደላት ይይዛል፤ የሙሉ ሥራ ዘመን ማስታወሻ ትንሽ ፍላሽ ላይ ቦታ ይተርፈዋል ማለት ነው። መብራት ሲመለስ ኔትወርክ ገና ባልመጣበት ሰዓትም ሁሉም በእጃችሁ ነው።

ለፋይሉ ስም ስትሰጡ ዓመቱን፣ ወሩን፣ ቀኑን፣ ከዚያም ቦታውንና ጉዳዩን አስከትሉ፤ ለምሳሌ «2016-05-08-አዘዞ-ፓምፕ» ብላችሁ። ግንቦትን 9 ብላችሁ ሳይሆን 09 ብላችሁ ጻፉ፤ አለበለዚያ ኮምፒውተሩ ሰኔን ከግንቦት ያስቀድምባችኋል። ጳጉሜንም 13 ሆና ያለ ችግር ከነሐሴ ቀጥላ ትሰለፋለች። ኮምፒውተሩ ራሱ የሚመዘግበው ቀን የፈረንጅ ስለሆነ፣ በፋይል ስም ላይ አንዱን የዘመን አቆጣጠር መርጣችሁ እስከ መጨረሻው በእርሱ ጽኑ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ እርሱም ፍለጋው ነው። ግሬፕ (grep) የተባለውን የፍለጋ ትእዛዝ አሜሪካዊው የኮምፒውተር ባለሙያ ኬን ቶምፕሰን በቤል ላቦራቶሪ ያዘጋጀው በ1973 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ይኸው ሰው በ1992 ከሮብ ፓይክ ጋር ሆኖ ዩቲኤፍ-8ን ነድፏል። በሁለቱ ሥራዎቹ ዛሬ አማርኛችንን እንፈልግባቸዋለን፤ እኔም ይህን ባሰብሁ ቁጥር ደስ ይለኛል። ግሬፕ ብላችሁ የምትፈልጉትን ቃልና የማስታወሻ ፎልደራችሁን ስም ስትሰጡት፣ ፎልደሩን ከነውስጡ እንዲያይ የሚያዝዘውን የአር ምልክት (-r) ጨምራችሁ፣ ቃሉ ያለበትን መስመር ሁሉ ከነፋይሉ ስም ያወጣላችኋል።

ነገር ግን አማርኛ የራሱ ጠባይ አለው። ግሬፕ የሚያየው ፊደሉን እንጂ ድምፁን አይደለም። በሙያችን ዋነኛ የሆነው ቃል እንኳ ውሃ፣ ውኃ፣ ውሀ፣ ዉሃ እየተባለ ይጻፋል፤ አንዱን ብቻ የፈለገ ሰው ሌሎቹን አያገኝም። መፍትሔው በአንዱ ፊደል ቦታ አማራጮቹን በማዕዘን ቅንፍ መስጠት ነው፤ «[ውዉ][ሃኃሀኀሐሓ]» ብትሉ ሁሉንም ይሰበስብላችኋል፤ «[ሥስ]ራ» ብትሉም እንዲሁ። ሁለተኛው ጠባይ የቃል መጨረሻ መለዋወጡ ነው። «በግድብ» እና «የግድብ» ውስጥ «ግድብ» እንዳለ ስለሚገኝ ከፊት የሚጨመረው አያስቸግርም፤ «ግድቡ» እና «ግድባችን» ላይ ግን የመጨረሻው ፊደል ራሱ ተለውጧል። ስለዚህ ስለ አንገረብ ግድብ ደለል የጻፋችሁትን ስትፈልጉ «ግድ[ብቡባቦ]» በሉ። ስትጽፉ በአንድ አጻጻፍ መጽናት ፍለጋውን ያቀልላችኋል፤ ሆኖም ከሌላ ሰው የተቀበላችሁት ማስታወሻ በእናንተ ልማድ እንደማይጻፍ አስቡ።

ለመጻፊያ፣ ተርሚናል ውስጥ የሚሠራው ናኖ (nano) የተባለ ቀላል የመጻፊያ ፕሮግራም ለጀማሪ ይበቃል። ማስታወሻው ሲበዛ ደግሞ ሊኑስ ቶርቫልድስ በ2005 እ.ኤ.አ. የሠራውን ጊት (git) የተባለውን ፕሮግራም ተማሩ፤ ምን እንደለወጣችሁና መቼ እንደለወጣችሁ ይመዘግባል። መዝገቡ ግን ያው ኮምፒውተር ላይ ብቻ ከተቀመጠ ሃርድ ዲስኩ ሲበላሽ አብሮ ስለሚሄድ፣ ቢያንስ አንድ ቅጂ በሌላ ዕቃ፣ በሌላ ቤት አኑሩ። የይለፍ ቃልና የሰው ምስጢር በተራ ጽሑፍ አይጻፍም።

የድሮ የወረቀት ደብተራችሁን ሁሉ ለመተየብ አትነሡ፤ ብዙዎች እዚያ ላይ ደክመው ሥራውን ትተውታል። ደብተሮቹን ቁጥር ስጧቸው፤ ከዚያም «ማውጫ» በሚል አንድ ፋይል ውስጥ ለእያንዳንዱ ጉዳይ አንድ መስመር ጻፉ፦ «ደብተር 4፣ ገጽ 31፣ ማራኪ፣ የቧንቧ መስመር ግፊት»። ግሬፕ ያችን መስመር ያወጣላችኋል፤ እናንተም ደብተሩን ከመደርደሪያው አንሥታችሁ ገጹን ትገልጣላችሁ።