ቀዩ ቦታ በሽታው አይደለም፦ ስለ ሳምባ ራጅና ስለ ኤአይ ጠይቁኝ

ሰላም። ኮምቦልቻ ነኝ። የሳምባ ራጅ አይተው “ለምን እንዲህ አልክ?” ሲባሉ የሚያሳዩ ሞዴሎች ላይ እሠራለሁ። መብራት እስኪሄድ ጠይቁ። የራሳችሁን ራጅ ግን አትላኩ፣ አላነብም።

የጦሳው፦ ኤአዩ ራጁ ላይ ቀይ ይቀባል አሉ። በሽታው እዚያ ነው?

መልስ፦ አይደለም። ቀዩ ሞዴሉ ሲወስን ያተኮረበት ቦታ ነው፣ በቃ። ቀዩን የሚቀባው ግራድካም የሚባለው ዘዴ 224 በ224 ፒክስል ራጅ ብትሰጠው ብዙ ጊዜ የሚያወጣው 7 በ7 የተደረደሩ ካሬዎችን ነው፤ እሱ ተለጥጦ ነው ራጁ ላይ የሚነጠፈው። ምስሉ 35 ሳንቲሜትር ደረት ቢይዝ አንዷ ካሬ 5 ሳንቲሜትር ሆነች ማለት ነው። ትንሽ ጠባሳ በዚህ አትፈልግ።

የሕክምና ተማሪ፦ ታዲያ ምን ይጠቅማል?

መልስ፦ ጥያቄ ማለት ይሄ ነው! ማጭበርበርን ያጋልጣል። አንድ ተማሪ ዘጠና ምናምን ከመቶ የሚያገኝ ሞዴል ይዞ በደስታ መጣ። ቀዩን ስናወጣው ሳምባው ላይ የለም። ራጅ አንሺው ግራና ቀኝ ለመለየት ጥግ ላይ የሚያስቀምጣት የብረት ፊደል ላይ ቁጭ ብሏል። ለካ ታማሚዎቹ ከአንድ ሆስፒታል፣ ጤነኞቹ ከሌላ ነበሩ፤ ሞዴሉ የለየው ሆስፒታሉን ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 አሜሪካ ውስጥ በሳምባ ምች ሞዴሎች ላይ የታየውም ይኸው ነው። በኮቪድ ጊዜ ደግሞ የአዋቂ ታማሚ ራጅ ኮቪድ ከሌለባቸው ሕፃናት ራጅ ጋር ደባልቀው ሞዴል ያስተማሩ ነበሩ። እዚያ የሚለየው ዕድሜ ነው እንጂ ኮቪድ አይደለም።

ፒያሳ፦ ከሐኪም ይበልጣል?

መልስ፦ በምኑ? ለየትኛው በሽታ? አጥብበህ ጠይቅ።

ቦርከና፦ እኛ ጋ ችግሩ የጥጥ ብናኝ ነው። ያየዋል?

መልስ፦ ከጥጥ አቧራ የሚመጣው ቢሲኖሲስ ራጅ ላይ ብዙ ጊዜ የራሱ ምልክት የለውም። ከእረፍት ተመልሰህ ሥራ በገባህበት ቀን ደረትህን ጭንቅ ሲያደርግህ ነው የሚጠረጠረው። የትንፋሽ መለኪያ ፈልግ።

የጦሳው፦ ደሴ ብትኖር አቧራም ሙቀትም የለ።

ቦርከና፦ ብርዱስ? ሳል ካልሰማሁ ደሴ መድረሴንም አላውቅ 😄

መልስ፦ ደሴና ኮምቦልቻ መሃል፣ ሐረጎ ላይ ተገናኙና ተጨቃጨቁ። እዚህ አይደለም።

ስም የለኝም፦ እናቴ ሁለት ሳምንት አለፋት ስታስል። ራጇን ልላክልህ?

መልስ፦ እህቴ፣ አትላኪ ብያለሁ። ነገ ጤና ጣቢያ ውሰጃቸው፣ አክታቸው ይመርመር። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ዕድሜያቸው 15 እና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሰዎች የቲቢ ራጅ በኮምፒውተር እንዲነበብ ሲመክር ለማጣሪያ ብሎ ነው። የሚያረጋግጠው ላቦራቶሪው ነው። አብሽሪ።

የሕክምና ተማሪ፦ ማብራሪያው ራሱ ቢዋሽስ?

መልስ፦ ይዋሻል እንጂ። ሞዴሉ የተማራቸውን ቁጥሮች በዘፈቀደ በውዛቸውና ቀዩን እንደገና አውጣው። ቦታውን ካልቀየረ ሥዕሉ ስለ ሞዴሉ ምንም አልነገረህም።

የጦሳው፦ ቀዩ ሰፊ ከሆነ በሽታው ብሷል ማለት ነው?

መልስ፦ ቀዩ። በሽታው። አይደለም።

ፒያሳ፦ እሺ፣ ከሐኪም ይበልጣል ወይስ አይበልጥም?

መልስ፦ መብራት ሄደ።