የመዳቡ ኖዝል ለምን አይቀልጥም?

ጥያቄ፦ በፕላዝማ መቁረጫ ላሜራ እቆርጣለሁ። በቶርቹ (በመቁረጫው እጀታ) ውስጥ ያለው አርክ፣ ማለትም የማያቋርጥ የኤሌክትሪክ ብልጭታ፣ 20,000 ዲግሪ ይደርሳል ሲባል ሰምቻለሁ፤ መዳብ ደግሞ በ1,085 ዲግሪ እንደሚቀልጥ አውቃለሁ። አርኩ የሚያልፍበት ቀዳዳ የተበሳው ግን ኖዝል በሚባለው የመዳብ አፍ ላይ ነው። ኖዝሉ እንዴት ሳይቀልጥ ይቆያል? ለረጅም ጊዜ ያለ ችግር የሠራ ኖዝልስ ለምን በቅጽበት ቀዳዳው ተበልቶ ሞላላ ይሆናል?

መልስ፦ የጠቀሱት ቁጥር አልተጋነነም። በጠባብ ኖዝል ውስጥ የሚያልፍ አርክ መካከሉ ከ20,000 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሊሞቅ ይችላል፤ የፀሐይ ገጽ እንኳ ወደ 5,500 ዲግሪ ገደማ ነው። ኖዝሉን የሚያድነው ማቀዝቀዣው ነው የሚለው የተለመደ ምላሽ ግን ግማሽ እውነት ብቻ ነው፤ ምክንያቱም ማቀዝቀዣ መዳቡ የተቀበለውን ሙቀት ይወስዳል እንጂ አርኩ በቀጥታ መዳቡ ላይ ቢያርፍና እዚያው ቢቆይ አይደርስለትም። ዋናው ጠባቂ በአርኩና በቀዳዳው ግድግዳ መካከል የሚፈሰው እጅግ ስስ የቀዝቃዛ ጋዝ ሽፋን ነው።

ቀዝቃዛ ጋዝ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። በብዙ ሺህ ዲግሪ ሲሞቅ ግን ኤሌክትሮኖች ከአተሞቻቸው ስለሚላቀቁ (እንዲህ ያለው ጋዝ ፕላዝማ ይባላል) ለኤሌክትሪክ ፍሰት መንገድ ይከፈታል፤ ፍሰቱ ያንን መንገድ ይበልጥ ያሞቀዋል፤ የበለጠ የሞቀውም ስፍራ የበለጠ ፍሰት ይስባል። በዚህ የተነሣ አርኩ ራሱን ወደ መካከል ይሰበስባል። የኖዝሉ ግድግዳ የአርኩን ዳር ሲያቀዘቅዝ ፍሰቱ ይበልጥ ወደ ጠበበ እምብርት ይገፋል፤ እምብርቱም ከቀድሞው ይብስ ይግላል። አርክን ከዳር ማቀዝቀዝ መካከሉን ማጋል ነው የሚለው ነገር ለጆሮ እንግዳ ቢመስልም፣ የፕላዝማ ቶርች ሥራ በሙሉ የቆመው በዚህ ላይ ነው። ሮበርት ጌጅ የተባለው የዩኒየን ካርባይድ ኩባንያ ባለሙያ በ1957 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት ያገኘበት ቶርችም ይህንኑ አርክን በጠባብ ኖዝል የማጥበብ ዘዴ የያዘ ነበር።

ጋዙ ወደ ቶርቹ የሚገባው በቀጥታ ሳይሆን፣ ሰያፍ ቀዳዳዎች ባሉት ቀለበት በኩል እየተሽከረከረ ነው። ሽክርክሪቱ ከባዱን ቀዝቃዛ ጋዝ ወደ ግድግዳው ሲወረውረው ቀላሉ ትኩስ ጋዝ በመካከል ይቀራል፤ የአርኩም እግር (አርኩ ብረትን የሚነካበት ቦታ) በኤሌክትሮዱ፣ ማለትም አርኩ በሚነሣበት ክፍል፣ መካከል ባለችው ሃፍኒየም በተባለ ብረት ነጥብ ላይ ይረጋል። ኖዝል ቶሎ ቶሎ ሲበላሽ ብዙ ሰው አምራቹን ይወቅሳል፤ የተሰነጠቀች ወይም በቆሻሻ የተደፈነች ቀለበትን ግን ዞር ብሎ የሚያያት ጥቂት ነው።

አሁን ወደ ድንገተኛው ጉዳት እንምጣ። በሚቆረጥበት ጊዜ አርኩ ከኤሌክትሮዱ ተነሥቶ በኖዝሉ ቀዳዳ አልፎ ብረቱ ላይ ያርፋል፤ በዚህ መንገድ ላይ ቮልቴጁ ደረጃ በደረጃ ይለዋወጣል። ኖዝሉ ግን አንድ ወጥ መዳብ ስለሆነ ከላይም ከታችም ያለው ቮልቴጅ እኩል ነው። ስለዚህ በቀዳዳው መግቢያና መውጫ ላይ በፕላዝማውና በመዳቡ መካከል የቮልቴጅ ልዩነት ይፈጠራል፤ ይህን ልዩነት ችሎ የሚይዘው ያ ስስ ቀዝቃዛ ሽፋን ብቻ ነው። ሽፋኑ ከተበሳ አርኩ ለሁለት ይከፈላል፦ አንዱ ከኤሌክትሮዱ ወደ ኖዝሉ፣ ሌላው ከኖዝሉ ወደ ብረቱ። ፍሰቱ በመዳቡ ውስጥ አቋራጭ አገኘ ማለት ነው። የአርክ እግር ደግሞ ሙቀቱን በጣም ትንሽ ቦታ ላይ ስለሚያከማች፣ ሁለቱ እግሮች ያረፉበት መዳብ ወዲያው ይቀልጣል። ድርብ አርክ የሚባለው ይህ ነው።

ሽፋኑን የሚያሳሱት ነገሮች ብዙ ናቸው፤ ኖዝሉ ከተሠራለት በላይ አምፔር መልቀቅ፣ የአየር ግፊት ማነስ፣ ከኮምፕረሰሩ የሚመጣ ውኃና ዘይት፣ ቶርቹን ከብረቱ ጋር ማነካካት። ከሁሉም ይልቅ የሚደጋገመው ግን ወፍራም ብረት ሲበሳ ቶርቹን እጅግ ዝቅ አድርጎ መጀመር ነው፤ የቀለጠው ብረት ወደ ላይ ተፈናጥሮ የቀዳዳውን አፍ ይመታዋል።

አንድ ነገር ግን መታለፍ የለበትም። ቶርቹ ሲለኮስ መጀመሪያ የሚነሣው መነሻ አርክ ሆነ ተብሎ ወደ ኖዝሉ የሚላክ ነው። አምፔሩ አነስተኛ፣ ዕድሜውም አጭር ስለሆነ ጉዳቱ ጥቂት ነው፤ ቶርቹን በባዶ አየር ላይ ደጋግሞ መለኮስ ግን ኖዝሉን ያለ ሥራ ያስበላል።

ዱቄት አቅልጠው በብረት ገጽ ላይ ለሚረጩ ቶርቾች ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ በእነርሱ ውስጥ አኖዱ (የአርኩ ፖዘቲቭ ጫፍ) ራሱ ኖዝሉ ስለሆነ አርኩ የግድ መዳቡ ላይ ያርፋል። መዳቡን የሚያድነው አርኩ በአንድ ቦታ አለመርጋቱ ነው። የጋዙ ፍሰት አርኩን ወደ መውጫው ይገፋዋል፤ አርኩ በረዘመ ቁጥር ቮልቴጁ ይጨምራል፤ በመጨረሻ ቀዝቃዛውን ሽፋን ወደ ኋላ ቀረብ ብሎ ይበሳና አዲስ እግር ይተክላል፤ ቮልቴጁም ድንገት ይወርዳል። ይህ በሰከንድ በሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ ሊደጋገም ስለሚችል የቮልቴጅን ለውጥ በመስመር በሚያሳየው ኦሲሎስኮፕ ላይ የመጋዝ ጥርስ የመሰለ መስመር ይታያል። በአርጎን ብቻ የሚሠራ አርክ ረጋ ያለ ሲሆን፣ ናይትሮጅን ወይም ሃይድሮጅን ሲጨመርበት ዝላዩ ይበረታል።

በእርስዎ ቶርች ላይ ኖዝሉ በተበላሸ ቁጥር ኤሌክትሮዱንም አውጥተው ይዩት። ሃፍኒየሙ በየልኩሳቱና ይልቁንም በየማጥፋቱ ጥቂት በጥቂት እየተሸረሸረ በመካከሉ ጉድጓድ ይሠራል። ጉድጓዱ ከጠለቀ ወይም ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ የአርኩ እግር ከመካከል ይሸሻል፤ በዚያ ኤሌክትሮድ ላይ የሚገጠመው አዲስ ኖዝልም እንደ ቀድሞው ሞላላ መሆኑ አይቀርም።