የ6 ሺህ ብሩ ናቪጌሽን ያዋጣኛል?

ጥያቄ፦

ሰላም ጋሼ። የምነዳው አይሱዙ ኤንፒአር ነው። ከቱሉ ዲምቱ ብሎኬትና ሲሚንቶ ጭኜ ቤት ለሚሠሩ ሰዎች አደርሳለሁ። ደንበኛው «አስፋልቱን ለቀህ ታጠፍ፣ ኮብልስቶኑ ሲያልቅ ደውልልኝ» ይለኛል። ከዚያ ወዲያ ፍለጋ ነው። በስልኬ ማፕ እሞክራለሁ፤ ግን ዳታው ቶሎ ያልቃል፣ ስልክ ሲደወል ማፑ ይሸፈናል፣ ፀሐይ ሲያገኘው ደግሞ ስልኩ ግሎ ይዘጋል። አሁን አንድ ልጅ ከውጭ የመጣ ባለ 7 ኢንች ናቪጌሽን በ6 ሺህ ብር ውሰደው እያለኝ ነው። ሰልባጅ ነው፤ ሲያዩት ግን አዲስ ይመስላል። ኢንተርኔት አይፈልግም ብሎኛል። ልግዛው ወይስ ይቅርብኝ?

የአይሱዙ ሾፌር፣ ከቱሉ ዲምቱ

መልስ፦

ወንድሜ፣ ብሩን ሳትሰጠው በፊት መጠየቅህ ጥሩ ነው። ኢንተርኔት አይፈልግም ያለህ እውነቱን ነው። ናቪጌሽን ከሳተላይት የሚመጣውን ምልክት ይሰማል እንጂ ራሱ ምንም አይልክም። ሳተላይቶቹ ከምድር 20 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ርቀው ይዞራሉ። ዕቃው ቢያንስ የ4ቱን ምልክት ከያዘ ያለህበትን ቦታ ያውቃል። ለዚህ የሚከፈል ነገር የለም፤ ሲም ካርድም ዳታም አይጠይቅም። ሰማዩ ክፍት በሆነ ቦታ፣ ርካሹም ውዱም የቆምክበትን በጥቂት ሜትሮች ልዩነት ይነግርሃል።

ችግሩ ያለው ካርታው ላይ ነው። ሳተላይቱ «እዚህ ነህ» ነው የሚልህ። «እዚህ» ማለት የትኛው መንገድ እንደሆነ የሚያውቀው በዕቃው ውስጥ የተጫነው ካርታ ነው። እኔ ቃሊቲ በምሠራበት ሱቅ ከውጭ የመጡ እንዲህ ያሉ ናቪጌሽኖች ይመጡልኛል። ብዙዎቹ አውሮፓ የተሸጡ ስለሆኑ የተጫነባቸው የአውሮፓ ካርታ ነው። ስትከፍተው የጀርመንን መንገድ አንድ በአንድ ያሳይሃል። ቃሊቲ ስታቆመው ግን ባዶ ስክሪን ላይ አንዲት ቀስት ብቻ ታያለህ። ባለቤቱ «ተበላሽቷል» ብሎ ያመጣዋል፤ ዕቃው ግን ደህና ነው፣ የኢትዮጵያ ካርታ የለውም እንጂ።

ስለዚህ ልጁን «ና፣ መኪናዬ ውስጥ እንሞክረው» በለው። እምቢ ካለ ነገሩ እዚያው ያልቃል። እሺ ካለ መጀመሪያ ሴቲንግ ውስጥ ገብተህ የካርታውን ዓመት ተመልከት። ይህን የሚደብቁ ዕቃዎች ስላሉ በመንገድ ፈትነው። ከቱሉ ዲምቱ ወደ አዳማ የሚወስደው የክፍያ መንገድ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። እሱን ካላሳየህ ካርታው ከዚያ በፊት የተሠራ ነው። ቀጥለህ የሳሪስን መንገድ ፈትሽ። የቀላል ባቡሩ ሐዲድ መሐል ለመሐል ከገባ ወዲህ በፈለግክበት ቦታ ወደ ግራ መታጠፍ ቀርቷል። ዕቃው ግን አጥሩ ላይ አድርሶ «ወደ ግራ ታጠፍ» ካለህ፣ ካርታው ሐዲዱን አያውቅም ማለት ነው።

ዋናው ፈተና ግን ያንተው የሥራ ሰፈር ነው። ኮዬ ፈጬን፣ ቂሊንጦን፣ ገላንን አጉላቸው። በኮንዶሚኒየሙ ብሎኮች መካከል ያለው መንገድ ይታያል? ባለፈው ሳምንት ያራገፍክበት ሳይት መንገድ አለው? ለአንተ ካርታ ማለት ይሄ ነው። ቦሌንና ፒያሳን አሳምሮ ማሳየቱ አይጠቅምህም፤ እነሱንማ ያለ ናቪጌሽንም ታውቃቸዋለህ።

በስም መፈለግ ላይም ብዙ ተስፋ አታድርግ። የሰፈሮቻችን ስም በእንግሊዝኛ ፊደል አንዴ በኬ፣ አንዴ በኪው ይጻፋል። ርካሹ ዕቃ ደግሞ አንዲት ፊደል ከተሳሳተች አላገኘሁም ይልሃል። ስክሪኑም እንደ ስልክ በስሱ ሲነኩት አይሰማም፤ በጥፍር ጫን ይፈልጋል።

አንድ ጥሩ ነገር አለው፣ እሱን አልክድም። ሳይቱ ላይ ደርሰህ ስታራግፍ ቦታውን ሴቭ ማድረግ ትችላለህ። ካርታው ባዶ ቢሆን እንኳ ሁለተኛውን ጭነት ስትወስድ አቅጣጫውንና የቀረህን ኪሎ ሜትር ያሳይሃል። እንዳንተ ወደ አንድ ሳይት ለሚመላለስ ሾፌር ይህ ትልቅ ነገር ነው። የመጀመሪያው ጉዞ ግን ያው ፍለጋ ነው። ደንበኛህ ሎኬሽን በቴሌግራም ቢልክልህ ስልክህ ላይ አንዴ ነክተህ ትከፍተዋለህ። በዚህ ዕቃ ላይ ግን 8 ነጥብ ምናምን ሰሜን፣ 38 ነጥብ ምናምን ምሥራቅ እያልክ ቁጥሩን አንድ በአንድ መጻፍ አለብህ። ያውም ሁሉም ዕቃ ይህን አይቀበልም።

አሁን እባክህ ልብ ብለህ አንብበኝ። የአንተ አይሱዙ ሁለት ባትሪ ካለው 24 ቮልት ነው። የናቪጌሽኑን ቻርጀር ገልብጠህ ጽሑፉን አንብብ። «12-24» ካለ ችግር የለም። «12» ብቻ ካለ እንዳትሰካው። ቻርጀሩ ሲቃጠል አንዳንዴ ዕቃውንም ይዞት ይሄዳል። ከቤት መኪና የወጣ ዕቃ ስለሆነ ይህን ሻጩም ላያውቀው ይችላል። ሽቦው የሚሰካበትን ቀዳዳም በጣትህ ነቅነቅ አድርገው፤ ከላላ ኮሮኮንች ላይ ይጠፋብሃል። ጀርባው አብጦ ከሆነ ደግሞ ውስጡ ያለው ባትሪ ነው ያበጠው። እንዲህ ያለውን ፀሐይ የሚመታው መስታወት ላይ መለጠፍ አደጋ አለው፤ በነጻም ቢሰጡህ አትቀበል።

የጭነት መኪና እንደምትነዳም ዕቃው አያውቅም። የሚመራህ ቪትዝ እንደሚመራ ነው። ጠባብ ኮብልስቶን፣ የማይሸከም ድልድይ፣ ለጭነት መኪና የተከለከለ ሰዓት፣ ይህን ሁሉ የምታየው አንተው ነህ።

እኔ በአንተ ቦታ ብሆን አልገዛውም። የድሮ ስማርት ስልክ ካለህ፣ ባይኖርህም ሰልባጅ ፈልገህ፣ ሲም ካርድ ሳታስገባ ለመኪናው ብቻ መድበው። የስልክ ጂፒኤስ ያለ ሲምም ይሠራል። ቤት ዋይፋይ ስታገኝ ኦርጋኒክ ማፕስ ወይም ኦስምአንድ የሚባለውን የካርታ አፕ ጫንበትና የኢትዮጵያን ካርታ አውርድ። ሁለቱም ያለ ዳታ መንገድ ይመሩሃል። ካርታቸው የሚሠራው በበጎ ፈቃደኞች ስለሆነ አዲስ መንገድ ቶሎ የመግባት ዕድል አለው፤ የጎደለውን መንገድ አንተም መጨመር ትችላለህ። ደንበኛ የላከውን ሎኬሽን ከዋናው ስልክህ በብሉቱዝ ወይም በሆትስፖት ታሻግረዋለህ። ሲደወልልህ ማፑ አይሸፈንም። ለግለቱ ደግሞ መያዣውን ከመስታወቱ አውርደህ የንፋስ መውጫው አጠገብ አድርገው። ከ6 ሺህ ብሩ ላይ ጥሩ መያዣና ለ24 ቮልት የሚሆን ቻርጀር ግዛበት።

ዕቃው ጋርሚን የሚባለው ብራንድ ከሆነና ሜሞሪ ካርድ የሚቀበል ከሆነ ግን ሐሳቤን ትንሽ አለዝባለሁ። በብዙዎቹ ጋርሚኖች ላይ ከኦፕን ስትሪት ማፕ፣ ማለትም በጎ ፈቃደኞች ከሚሠሩት ከዚያው ካርታ፣ የተዘጋጀ የኢትዮጵያ ካርታ መጫን ይቻላል። ልጁ ካርታውን ራሱ ጭኖ ኮዬ ፈጬ ላይ ካሳየህ፣ በዋጋው ተከራከርና ውሰደው።

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ወንድሜ የላከልኝ ናቪጌሽን ለረጅም ጊዜ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ ነበር። አሁን ሳሎን ቁጭ ብዬ ስከፍተው «ሳተላይት በመፈለግ ላይ» ብሎ ይቀራል። ሞቷል ማለት ነው?

ከሱሉልታ

መልስ፦

እህቴ፣ ገና ሞቷል አትበይ። የሳተላይት ምልክት በጣም ደካማ ነው፤ ቆርቆሮና ኮንክሪት አያልፍም። ዕቃው ለረጅም ጊዜ ተዘግቶ ከቆየ ደግሞ የትኛው ሳተላይት የት እንዳለ እንደ አዲስ መማር አለበት። ሙሉው መረጃ ከሳተላይቱ ወርዶ የሚያልቀው በ12 ደቂቃ ተኩል ነው። ስለዚህ ቻርጀር ላይ ሰክተሽ ሜዳ ላይ መኪናውን አቁሚና ሳትነጂ ግማሽ ሰዓት ጠብቂ። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ስትከፍቺው ቶሎ ይይዛል። የፊት መስታወትሽ ብረት ያለው ፊልም ከተለጠፈበት ዕቃውን ከመኪናው አውጥተሽ ሞክሪው።

ሳተላይት ይዞ ቀኑን 20 ዓመት ገደማ ወደ ኋላ ካሳየሽም አትደንግጪ። የጂፒኤስ የሳምንት ቁጥር 1,024 ሲደርስ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል፤ መጨረሻ ላይ ይህ የሆነው እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2019 ነው። የቆዩ ዕቃዎች በዚህ ይምታታባቸዋል። አምራቹ ማሻሻያ ካወጣለት በኮምፒውተር ይጫናል፤ ካላወጣለትም ቀኑ ተሳስቶ ቦታውን በትክክል የሚያሳይ ብዙ ነው። ሜዳ ላይ ግማሽ ሰዓት ቆይቶ አንድም ሳተላይት ካልያዘ ግን አንቴናው ወይም ምልክት የሚቀበለው ክፍል ሳይጎዳ አይቀርም። ለማሠሪያ የምትከፍይው ከዕቃው ዋጋ ስለሚበልጥ አላሠራሽም።