ሰርቨሩ ሲነሳ ሬይዱ ጠፋብኝ፤ ዳታዬ አለቀለት?

ጥያቄ፦ የቢሯችን ፋይል ሰርቨር ኡቡንቱ ነው፤ ሦስት ዲስክ በሬይድ 5 (አንዱ ዲስክ ቢበላሽ ዳታው እንዳይጠፋ ዲስኮችን የሚያጣምር ዘዴ) አድርጌ ነው የምጠቀመው። መብራት ድንገት ጠፍቶ ሲመጣ ሰርቨሩ ኢመርጀንሲ ሞድ ላይ ቆመ። ኤምዲ0 (የሬይዱ ስም) የለም። በምትኩ ኤምዲ127 የሚባል መጥቷል፣ አጠገቡ «ኢንአክቲቭ» (አልተነሳም) ይላል። ጓደኛዬ በክሬት ትእዛዝ እንደገና ፍጠረው አለኝ። ላድርገው?

መልስ፦ ኧረ በፍጹም እንዳታደርገው! ዳታህ አሁንም ዲስኮቹ ላይ የመኖሩ ዕድል ሰፊ ነው። ክሬት ግን በየዲስኩ ላይ ያለውን የሬይዱን መታወቂያ በአዲስ ይተካዋል። የዲስኮቹን ቅደም ተከተል ካሳሳትክ፣ ወይም ዳታው የሚጀምርበት ቦታ ከድሮው ከተለየ (ሬይዱን በሚያስተዳድረው ፕሮግራም፣ በኤምዲአድም፣ የተለያዩ ቨርዥኖች ይለያያል)፣ ሬይዱ ፓሪቲ (የጠፋ ዲስክን ዳታ መልሶ ለማስላት የሚያገለግል መረጃ) መሥራት ሲጀምር ደህናው ዳታ ላይ ይጽፍበታል።

መጀመሪያ ማንበብ ብቻ። በኤምዲአድም ኤግዛሚን ትእዛዝ ሦስቱንም ዲስክ እይ፤ ይህ ምንም አይጽፍም። የሚወጣውን ፎቶ አንሥተህ አስቀምጥ። ዋናው ነገር «ኢቨንትስ» የሚለው ቁጥር ነው፤ የሬይዱ ሁኔታ በተለወጠ ቁጥር ከፍ ይላል። የሦስቱም እኩል ከሆነ ተራ አሴምብል (ያለውን ሬይድ ሰብስቦ የሚያስነሳ ትእዛዝ) ሊበቃህ ይችላል። የአንዱ በጣም ወደኋላ ከቀረ ግን ያ ዲስክ መብራቱ ከመጥፋቱ በፊት ከሬይዱ ወጥቶ ነበር ማለት ነው፣ ማንም ሳያውቅ። ሬይድ 5 በሁለት ዲስክ እየሠራ፣ ያውም እየጻፈ ሳለ ከተቋረጠ፣ ፓሪቲው ከዳታው ጋር ላይገጥም ስለሚችል ሊኑክስ በራሱ አያስነሳውም። የተበላሸ ፋይል ዝም ብሎ ከሚያቀብልህ ቆሞ ቢጠብቅህ በጣም ይሻላል።

እንዲህ ከሆነ ኤምዲ127ን በስቶፕ አቁመው፤ አለዚያ ዲስኮቹ ተይዘዋል ይልሃል። ከዚያ ቁጥራቸው ከፍ ያሉትን ሁለቱን ብቻ ሰጥተህ በአሴምብል ፎርስ (አስገድዶ በማስነሳት) አስነሳ። ወደኋላ የቀረውን አታስገባ። ሲነሳ ለንባብ ብቻ ማውንት አድርገህ (ከፍተህ) ዳታውን ወደ ሌላ ዲስክ ቅዳ። ሦስተኛውን ከዚያ በኋላ በስማርት (ዲስኩ ስለ ራሱ ጤና በሚመዘግበው መረጃ) መርምረው፤ ጤነኛ ከሆነ መልሰው፣ ካልሆነ አዲስ ግዛ።

127 ከየት መጣ? ሊኑክስ ሲነሳ መጀመሪያ የሚከፍተው ኢኒትራምኤፍኤስ የሚባል ትንሽ ጥቅል ነው፤ ውስጡ የኤምዲአድም ኮንፊግ (የቅንብር ፋይል) የራሱ ቅጂ አለ። ሬይድህ እዚያ ካልተመዘገበ ብዙውን ጊዜ 127 የሚለውን ስም ያገኛል። ብዙ ሰው ዋናውን ኮንፊግ ያስተካክልና ይህን ቅጂ ማደስ ይረሳል፣ በሚቀጥለው ሪስታርት ያው ችግር ይመለሳል። የኤምዲአድም ዲቴይል ስካን ትእዛዝን ውጤት ዋናው ኮንፊግ ላይ ጨምር፣ የድሮ መስመር ካለ አጥፋ፣ ከዚያ ቅጂው እንዲታደስ አፕዴት ኢኒትራምኤፍኤስ የሚለውን ትእዛዝ አስኪድ።

ኤፍኤስታብ (ሰርቨሩ ሲነሳ የሚከፈቱት ዲስኮች የሚዘረዘሩበት ፋይል) ላይ ደግሞ ኤምዲ0 ብለህ አትጻፍ። የፋይል ሲስተሙን ዩዩአይዲ (የማይለዋወጥ መለያ ቁጥር) ጻፍ፤ የሬይዱ ዩዩአይዲ ሌላ ነው፣ እንዳይምታታብህ። ኖፌይል የሚለውንም ጨምርበት፤ ሬይዱ ባይነሳ እንኳ ሰርቨሩ ይነሳና ካለህበት ገብተህ ታየዋለህ።

ኢሜይልህንም የኤምዲአድም ኮንፊጉ ላይ አስገባ፤ ሰርቨሩ ኢሜይል መላክ የሚችል ከሆነ ዲስክ በወጣ ጊዜ ያሳውቅሃል። ዩፒኤስም (መብራት ሲጠፋ ለጊዜው ኃይል የሚሰጥ ባትሪ) ግዛ።